የት እንዳለ የማላውቀው መሮ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ተኩል። ቤታችንን ስንሠራ ለመኪና ብለን ያስወጣነው ጋራዥ ነው፤ መኪና ግን አንድም ቀን አድሮበት አያውቅም። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከማድ ቤቱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እዚያ ውስጥ እንጨት እልጋለሁ፣ ብረት እሞርዳለሁ፣ የጎረቤት ወንበር እጠግናለሁ። 31 ዓመት የእንጨትና የብረት ሥራ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት ቦታ ያ ክፍል ሆነ።

አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የሰፈራችን ልጅ በር አንኳኳ። ቴክኒክና ሙያ የሚማር ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ባለ 12 ሚሊሜትር መሮ ይኖርዎት ይሆን? ነገ የተግባር ፈተና አለብን፤ ወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ ነው የምንሠራው» አለኝ።

«ሦስት አለኝ፤ ግባ የኔ ልጅ» አልኩት።

በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ስለሚከፈት በጎን ሆነን አለፍን። ከፊታችን የደረቀ ሲሚንቶ ግማሽ ኩንታል፣ ከኋላው የድሮ ቴሌቪዥን፣ በላዩ የመኪና ጎማ፣ በጎማው ውስጥ የሽቦ ጥቅል። አንዱን ሳነሳ ሌላው ይወድቃል። ልጁ እየተቀበለ ወደ ግቢው ያወጣል። አርባ ደቂቃ ፈለግን። መሸ፤ አምፖሉ ከጣውላው ክምር ጀርባ ስለሆነ ብርሃኑ እኛ ጋ አይደርስም። በመጨረሻ ልጁ፣ «ጋሼ ግድ የለም፣ አይድከሙ፤ ከሌላ ሰው እጠይቃለሁ» አለኝ። ያወጣውን ዕቃ ሁሉ መልሶ ካስገባልኝ በኋላ ነው የሄደው።

መሮዎቹን ያገኘኋቸው ከ11 ቀን በኋላ ነው። ሦስቱም አንድ ላይ፣ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከደረቀ ብሩሽ ጋር። ፈተናው አልፏል።

ልጁ የሄደ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስንት ተማሪ መሮ አያያዝ ያስተማርኩ ሰው ለአንድ ልጅ አንድ መሮ ማቀበል አቃተኝ። «ሦስት አለኝ» ብዬ በሙሉ አፌ የተናገርኩት ቃል ደጋግሞ መጣብኝ። እውነት ነበረኝ? በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፣ በቤቴ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጧል። ግን ሥራው በጠራው ሰዓት እጄ ላይ ካልመጣ፣ ያ መሮ ገበያ ላይ ካለው መሮ በምን ይለያል? ገበያ ላይ ያለውን እንኳ የት እንደማገኘው አውቃለሁ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የያዝኩት ሐሳብ ይህ ነው፤ የት እንዳለ የማላውቀው ዕቃ የኔ አይደለም። ዛሬ የመጣሁትም ይህንኑ ላስረዳችሁ ነው።

ወደ ማጽዳቱ ከመግባቴ በፊት ግን ለምን እንደምናከማች ልናገር፤ ምክንያቱም የማይጥል ሰው ሰነፍ ነው የሚል አነጋገር አልወድም። እኛ ያደግነው ምንም ነገር በማይገኝበት ጊዜ ነው። አባቴ አናጢ ነበር። የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ ላይ አቃንቶ፣ እንደገና መትቶ ነው ያሳደገን። አንድ ብሎን ከጠፋ ቀኑን ሙሉ ይፈለጋል፤ የሚተካው የለምና። በዚያ ዘመን «ይሆናል» ብሎ ማስቀመጥ ብልሃት ነበር። ቤታችን ውስጥ ከተነገሩ ቃላት ሁሉ የበዛው ይህ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ላሜራ ይሆናል። ይህ የአልጋ ብረት ለበር ይሆናል። ይህ የተቃጠለ ሞተር፣ ሽቦው ይሆናል። ከሰው የወረስነው ጠባይ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። ችግሩ እጥረቱ ሲቀንስ ጠባዩ አለመቀነሱ ነው። ከዚያም ላይ አባቴ ያስቀመጠውን እያንዳንዱን ነገር የት እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ዕቃው ጥቂት ነበረና። እኔ የወረስኩት ማስቀመጡን ብቻ ነው።

ደግሞ ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የሎስ አንጀለሱ ማለቴ ነው፣ ተመራማሪዎች 32 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ዕቃቸውን አንድ በአንድ መዝግበው ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ ወጥቷል። ከጋራዦቹ መኪና ሊቆምባቸው የሚችለው ከአራት አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌላው በካርቶን፣ በአሮጌ ዕቃና በመሣሪያ ተሞልቷል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ። ወደ አገር ቤት ይላካል ተብሎ የታሸገ ሻንጣ ስንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ እንደቆየ ይነግሯችኋል። እነሱን የሞላቸው ትርፍ ነው፣ እኛን የሞላን እጥረትን መፍራት ነው። ክፍሉ ግን ያው ክፍል ነው፤ መግቢያ የለውም።

ዕቃውን ለማውጣት የመረጥኩት የኅዳር 12ን ሰሞን ነው። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ብለን የምንጠራው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ነበር። ኅዳር ሲታጠን ግቢ የመጥረጉና ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጥረጊያ ይዟል። ጋራዥ ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ሰሞን የለም።

ግን ማቃጠሉን በተመለከተ በርትቼ የምናገረው ነገር አለ። ያን ቀን የሰፈር ልጆች የኤሌክትሪክ ገመዴን መዳቡ እንዲወጣ ሊያቃጥሉልኝ ጠየቁኝ። ከለከልኳቸው። የገመድ ልባስ ፕላስቲክ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ሳንባ የሚያቆስልና መርዝ ያለበት ነው። ቢላዋ ይዘን ተቀምጠን ላጥነው፤ ሁለት ሰዓት ፈጀብን፣ መዳቡም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ቺፑድና ኤምዲኤፍም እንዲሁ ናቸው፤ ቀለሙና ማጣበቂያው ሲነድ ጭሱ ለማድ ቤት አይሆንም። የኅዳር ጭስ ወረርሽኝ እንዲያባርር ተብሎ የተጀመረ ነው፤ በሽታ የሚያመጣ ጭስ ልንጨምርበት አይገባም።

ዕቃውን ማውጣቱ ሦስት ቀን ፈጀ። ግቢው ላይ ሸራ ዘረጋሁና ክፍሉን እስከ ባዶ ግድግዳው አወጣሁት። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ውስጥ ሆናችሁ አትለዩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚለይ ሰው ከአንዱ ጥግ አንስቶ ወደ ሌላው ጥግ ነው የሚያዞረው። አውጡት፣ ፀሐይ ይየው። ሸራው ላይ ደግሞ በየዓይነቱ አስቀምጡት። ፒንሳ ከፒንሳ፣ ቁልፍ ከቁልፍ፣ መጋዝ ከመጋዝ ጋር። ያኔ ያልጠበቃችሁት ሒሳብ ይወጣል። እኔ ሰባት ፒንሳ አገኘሁ። 13 ቁጥር ቁልፍ አምስት፤ 10 ቁጥር ግን አንድም የለም። አራት ሜትር፣ ሦስቱ የተሰበሩ። ስድስት ጠርሙስ ኮላ፣ አምስቱ የደረቁ። ሁለተኛውን ፒንሳ የገዛሁት የመጀመሪያውን ስላጣሁት ነው፤ ሦስተኛውን የገዛሁት ሁለቱንም ስላጣኋቸው ነው። ስንት ገንዘብ እንደሄደ ሳስበው ደነገጥኩ። ጡረተኛ ነኝ፤ የአንድ ፒንሳ ዋጋ ለቤቴ የሚሆነውን አውቃለሁ።

ለመለየት ያገለገለኝ ጥያቄ «ይሆናል ወይ?» የሚለው አልነበረም። ለዚያ ጥያቄ ሁሉም ነገር «አዎ» ይላል። የጠየቅኩት «ለየትኛው ሥራ? መቼ?» ብዬ ነው። ሥራው ስም ካለው፣ ወሩም ከታወቀ፣ ይቀመጥ። ስም ከሌለው ከግቢ ይውጣ። በዚህ ጥያቄ የደረቀው ሲሚንቶ፣ ቴሌቪዥኑና ጎማው ወዲያው ተፈረደባቸው።

ከሁሉ የከበደኝ የእንጨት ቁርጥራጭ ነው። አናጢ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ዋንዛና ወይራ፣ ዝግባና ጥድ የቆረጠ ሰው ከመጋዙ የተረፈውን መጣል ዕዳ ይመስለዋል፤ ዛፉ ስንት ዓመት እንደቆመ ያስባል። በመጨረሻ ክንዴን መለኪያ አደረግኩት። ከክንዴ ያጠረ ተራ የባሕር ዛፍና የጣውላ ቁራጭ ለባለቤቴ ማድ ቤት ሄደ፤ የወይራው ፍልጥ ለእንስራና ለቅል ማጠኛ ተለየ። ጠንካራው እንጨት ግን ያጠረም ቢሆን ለመሮ እጀታ፣ ለመዶሻ ዛቢያ ስለሚሆን አንድ ጆንያ ብቻ ፈቀድኩለት። ጆንያው ከሞላ አዲስ ቁራጭ የሚገባው አሮጌው ሲወጣ ነው። እስካሁን ይህን ሥርዓት አልጣስኩም።

ብረቱ በተራው ቆራሌው ዘንድ ሄደ። እዚህ ላይ ለሥራው አክብሮት አለኝና ጥቂት ልናገር። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበው ነገር መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲደርስ ተቀጥቅጦ፣ ተቆርጦ፣ ተበይዶ ምድጃና የቡና መቁያ ሆኖ ተመልሶ ቤታችን ይገባል። እኛ ጋራዥ ውስጥ የምናዝገው ብረት ለሌላው ጥሬ ዕቃ ነው። ብቻ ስትሸጡ ደባልቃችሁ አትሸጡ። መዳቡን፣ ነሐሱን፣ አሉሚኒየሙንና ብረቱን ለዩት፤ መዳብ በኪሎ ከብረት ብዙ እጥፍ ያወጣል። የላጥነው ገመድ ብቻ ከብረቱ ክምር ሁሉ የተሻለ ዋጋ አወጣ። ገንዘቡን ለላጡት ልጆች አካፈልኳቸው።

የመኪና አሮጌ ባትሪም ነበረ፤ ሁለት። ባትሪ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረትና አሲድ አለ። እርሳስ በተለይ በሕፃናት አእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ መጠን የለውም ይላል። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ባትሪ ፈልፍሎ እርሳሱን የሚያቀልጥ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ ያየ ይከልክል። ባትሪው ሳይከፈት፣ ቆሞ፣ ለሚረከብ ነጋዴ ይሰጥ።

ሌላው የጨርቅ ጉዳይ ነው። እንጨት በተልባ ዘይት የምታሹ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ። ተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ሲዋሐድ ይሞቃል። የተነከረው ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነድዳል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 አሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ 38 ፎቅ ያለው ሕንፃ የተቃጠለው በዚሁ ነው፤ የእንጨት ሠራተኞች የተዉት ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ነዶ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕይወታቸው አለፈ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ጋራዤን ሳወጣ ግን ከጣውላው ክምር ሥር፣ ከቤንዚን ጀሪካን አጠገብ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ እንደዚያ ያለ ጨርቅ አገኘሁ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ግድግዳው የሚዋሰነው ምድጃ ከሚነድበት ማድ ቤት ጋር ነው። አሁን ጨርቁ አንድ በአንድ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ቤንዚን ደግሞ ከክፍሉ ጨርሶ ወጥቷል። የጠባብ ክፍል ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ውስጡ ያለውን ስለማናየው ምን አጠገብ ምን እንዳስቀመጥን አናውቅም።

ብዙዎቻችሁ በሥራ ቦታችሁ ካይዘን የሚባለውን የጃፓን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ተምራችኋል። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን በዚህ ጉዳይ እንድትረዳን ጠየቁ፤ በ30 ፋብሪካዎች ሙከራ ተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጃፓኖቹ ሴይሪ፣ ሴይቶን፣ ሴይሶ፣ ሴይኬትሱ፣ ሺትሱኬ የሚሏቸውን እኛ አምስቱ ማዎች አልናቸው፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከአተረጓጎሙ ሁሉ ደስ የሚለኝ «ማዝለቅ» ነው። ፋብሪካ ውስጥ ይህን የሚጠብቅ አለቃ አለ፤ ቤት ውስጥ ግን አለቃ የለም፣ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ቅጽም የለም። ስለዚህ የቤት ወርክሾፕ የሚዘልቀው መመለሱ ከመጣሉ የቀለለ ሲሆን ብቻ ነው። ዕቃውን ቦታው ለመመለስ ሳጥን ማውረድ፣ ክዳን መክፈት፣ ሌላ ዕቃ ማንሳት የሚያስፈልግ ከሆነ በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። በአንድ እጅ፣ ሳያዩ እስከመመለስ ድረስ መቅለል አለበት።

ለዚህ ግድግዳን የሚያህል ነገር የለም። በቦስተን አካባቢ ሄንሪ ስታድሊ የሚባል ፒያኖ ሠሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1838 ተወልዶ በ1925 ያረፈ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የመሣሪያ ሣጥን ሠራ። ሲዘጋ ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ውስጡ ወደ 300 የሚጠጋ መሣሪያ ይዟል። አንዱ ሽፋን ሲገለጥ ከሥሩ ሌላ ረድፍ አለ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በልኩ የተፈለፈለ ጎጆ አለው። ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ ዕንቁው ወይም ጥቁር እንጨቱ አይደለም። ሰውየው ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቦታውን አስቦለታል። ሌላ ደግሞ፣ ጁሊያ ቻይልድ የምትባለው ታዋቂ የምግብ ባለሙያ ማድ ቤት ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይታያል። ባሏ ፖል ግድግዳውን በቀዳዳ ሰሌዳ ሸፍኖ መጥበሻዎቹን ሰቅሎ፣ የእያንዳንዱን ቅርጽ ዙሪያውን በመስመር ሥሎለታል። አንዱ መጥበሻ ሲነሳ ጥላው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ማንም እንግዳ ሰው የት እንደሚመልሰው ሳይነገረው ያውቃል።

እኔም መስመር ሥያለሁ። ቀዳዳ ሰሌዳ ውድ ስለሆነ 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ በ45 ዲግሪ ሰንጥቄ አንዱን ግማሽ ስለቱ ወደ ላይ አድርጌ ግድግዳው ላይ በአግድም አሰርኩት፣ ሌላውን ግማሽ ተገልብጦ ከመስቀያው ጀርባ። አንዱ ካንዱ ላይ ሲቀመጥ በራሱ ክብደት ይነክሳል። ሚስማር ሳልነቅል መስቀያውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዛወር እችላለሁ። ይህ ነገር ለጠባብ ክፍል ያለው ጥቅም ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ያሰባችሁት ቦታ ልክ እንዳልነበረ የምታውቁት ከሠራችሁበት በኋላ ነውና። እኔ መስቀያዎቼን በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ አዛውሬያለሁ።

አቀማመጡን በተመለከተ ከብዙ ሰው የምለይበት ነጥብ አለ። ሸራ ላይ ዕቃ የሚለየው በዓይነት ነው ብያለሁ፤ ግድግዳ ላይ ሲመለስ ግን ሥራን ተከትሎ ይሂድ። ሜትር፣ ስኳድራና እርሳስ ዓይነታቸው የተለያየ ነው፤ ጣውላው መጀመሪያ በሚያርፍበት በር አጠገብ ግን አንድ ላይ ናቸው። ሞረድና የሽቦ ብሩሽ ከሞርሳው ቀጥሎ። ትራፓኖውና መብሻዎቹ ከፕሪዛው ሥር። ሙያተኛ እጁን የሚዘረጋው ቀጥሎ ወደሚመጣው ሥራ ነው፤ ዕቃው እዚያ ይጠብቀው።

የጠረጴዛውንም ከፍታ አስተካከልኩት። ለመላጊያ የሚሆን ባንኮ ከፍታው ቆማችሁ እጃችሁን ስታወርዱ የእጅ አንጓ የሚደርስበት ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ሞርሳ ግን አፉ ክርን ላይ ሲደርስ ነው ወገብ ሳይታጠፍ የሚሞረደው። የእኔ ሁለቱንም በአንድ ከፍታ የያዘ ነበር። ወገቤ ሃያ ዓመት ያማረረኝ በዚሁ ይመስለኛል። ሞርሳውን በወፍራም ዋንዛ ከፍ አደረግኩት። ግራይንደሩንና የብየዳ ማሽኑን ጎማ ባለው ጋሪ ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለ 4 ሜትር ጣውላ በዚያ ክፍል ውስጥ አይዞርም፤ 1.22 በ2.44 የሆነ ኮምፔርሳቶማ ከገባ ሰው መውጣት አለበት። ስለዚህ ትልቁን የመቁረጥ ሥራ ከመስከረም እስከ ግንቦት ግቢ ላይ አደረግኩት። ብናኙም ውጭ ይቀራል፤ የእንጨት ብናኝ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው፣ ከአፍና አፍንጫ መሸፈኛም አትለዩ። ፀሐይና ግቢ ያለን ሰዎች ክፍሉ ጠበበ ብለን ከማማረራችን በፊት በሩን እንክፈት።

ለትናንሽ ዕቃዎች የማርማላታ ጠርሙስ ተጠቀምኩ። ክዳኑን ከመደርደሪያው ሥር በቪቴ ታስሩታላችሁ፣ ጠርሙሱን ከታች እያዞራችሁ ትገጥማላችሁ። ውስጡ ይታያል፣ አቧራ አይገባውም፣ ከመደርደሪያው በታች ያለውን ባዶ አየር ሥራ ላይ ያውለዋል። ስማቸውን ስጽፍ ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቪቴ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ላሜራ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መዶሻ፣ መሮ፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ሚስማር ደግሞ የአባቴ ቃላት ናቸው። በአንድ መደርደሪያ ላይ የሁለት ዘመን ሙያ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ለሰፈራችን ወጣቶች ስም ማንበብ ብቻ ሳይሆን ስሙን መስማትም ስለሚያስፈልጋቸው፣ ሲመጡ ጮክ ብለው እንዲጠሩት አደርጋለሁ።

ባለቤቴን ካላነሳሁ ታሪኩ ይጎድላል። ያ ጋራዥ የእኔ ብቻ አልነበረም፤ የበዓል ትልቁ ድስት፣ የውሃ በርሜሉ፣ ጀሪካኖቹ፣ የእንግዳ ፍራሽ ሁሉ እዚያው ነው። ለዓመታት እኔ በእሷ ድስት ላይ ብረት አስቀምጫለሁ፣ እሷ በእኔ ባንኮ ላይ ጀሪካን። ሁለታችንም ተቀያይመናል። አሁን ከማድ ቤት ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ በሙሉ የእሷ ነው፤ እኔ እዚያ አንድ ሚስማር አላስቀምጥም። ቆጡንም አፍርሰነዋል። ባለቤቴ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት እየጠቀሰች ስታስፈራራኝ ኖራለች፤ በእርግጥም ቆጥ ላይ የወጣ ዕቃ ወይ ይረሳል ወይ ሰው ላይ ይወድቃል።

የተደጋገሙት መሣሪያዎች የት ሄዱ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አምስት ፒንሳ፣ አራት 13 ቁጥር ቁልፍ፣ ሁለት መጋዝ፣ አንድ መላጊያ። ልዋጭ ለሚለው ሰው ብሰጣቸው ሳህን ያመጣልኛል። እኔ ግን የሚያስፈልጋቸውን አውቃለሁ። ከማሠልጠኛ የሚመረቅ ልጅ የምስክር ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ መሣሪያ ግን የለውም፤ ሥራ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚያስበው ከማን እንደሚዋስ ነው። ፒንሳዎቹን አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ መጋዞቹን ስዬ ለሦስት ልጆች ሰጠኋቸው። አንደኛው በዚያ መጋዝ የመጀመሪያ ሥራውን፣ የአንድ ሱቅ መደርደሪያ ሠርቷል። እኔ ጋ ለዓመታት የተኛ መጋዝ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስባችሁ፣ «ምነው ቀደም ብዬ በሰጠሁት» የሚለው ጸጸት ከደስታው ጋር አብሮ ይመጣል፤ እኔ ላይ መጥቷል።

አሁን ክፍሉ እንዴት ነው? መኪና ዛሬም አይገባም፤ እንዲገባም አልፈልግም። በሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። መሐሉ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ይሠራል። እንጨቱ ከወለሉ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ተደርድሯል፤ ሲሚንቶ በክረምት እርጥበት ስለሚያወጣ። ማታ ከመዝጋቴ በፊት አሥር ደቂቃ ግድግዳውን አያለሁ፤ ባዶ መስመር ካለ ዕቃው ሳይመለስ አልቆልፍም። ሰኔ ሲገባ ብረቱን ሁሉ በዘይት ጨርቅ እወለውላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልወሰንኩም። የአባቴ የእንጨት መላጊያዎች አሉ፤ አራት ናቸው፣ ሁለቱ ሆዳቸው ተሰንጥቋል። «ለየትኛው ሥራ? መቼ?» የሚለው ጥያቄዬ ለእነሱ መልስ የለውም። በካርቶን አድርጌ፣ ላዩ ላይ «ጳጉሜን» ብዬ ጽፌ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። እስከዚያ ሁለቱን ጠግኜ ሥራ ላይ አውላቸው እንደሆነ አያለሁ። የመሮው ልጅ ፈተናውን በውሰት መሣሪያ አልፏል፤ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ስለት እያወጣን ነው፣ የመላጊያውንም ሆድ እንዴት እንደሚጠገን አብረን እያየን ነው። መሮዎቹ በሩን እንደከፈታችሁ በስተግራ፣ በዓይን ከፍታ፣ ከ6 እስከ 25 ሚሊሜትር በተርታ ተሰቅለዋል። ከመካከላችሁ መሮ የሚያስፈልገው ካለ ከሰባት ሰዓት በኋላ ይምጣ።